ፓራኦሊዮ ከመግዛታችሁ በፊት

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ጉዳያቸው አንድ ነው። መኪናዬ ታፈሳለች፣ ምን ላድርግ? ጸሐፊዎቹም ሁሉም ማለት ይቻላል የያዙት አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ሃርድቶፕ ወይም ፒካፕ፣ ዋን ኤች ዚ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው። ገጠር ለገጠር ክትባት የሚያደርሰው፣ እህል የሚጭነው፣ አስፋልት የማያውቀው መኪና ማለት ነው። ዕድሜው ሃያ ሠላሳ ዓመት ቢሞላም ገና ብዙ የሚሠራ መኪና ስለሆነ በጠብታ ምክንያት ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሰው መሬት ላይ ዘይት ሲያይ ወዲያው የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት፣ ይገዛል። ይቀየራል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ተመልሶ ያፈሳል። ከዚያ "የማይረባ ዕቃ ሸጡልኝ" ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱን ጥያቄ የጠየቀ ሰው የለም፦ የፈሰሰው ምንድን ነው? የፈሰሰውስ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከጂንካ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሃርድቶፕ ሹፌር ነኝ። የፊት ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል፣ ጎማው የሚታጠፍበት ክብ ብረት ላይ፣ ጥቁር ቅባት ይወርዳል። ቸርኬውንም ረጭቶታል። አንዱ መካኒክ "ግሪስ ነው፣ ችግር የለውም" አለኝ። ሌላው ከውጪ የሚታየውን ላስቲክ ቀየረልኝ፣ ወር ሳይሞላው ያው ሆነ። አሁን ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሯል። ወንዝ የምንሻገርበት መንገድ ስለሆነ ፈርቻለሁ።

መልስ

ወንድሜ፣ መፍራትህ ልክ ነው። "ችግር የለውም" ያለህ ሰው ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። ክቡ ብረት ላይ ስስ የግሪስ ሽፋን መኖሩ የተለመደ ነው። ላስቲኩ ሲጠርግ የሚተወው ነው፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቀዋል። የሚወርድና ቸርኬ የሚረጭ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ውስጡ ምን እንዳለ ልንገርህ። በዚያ ክብ ብረት ውስጥ ቢርፊልድ የሚባለው መጋጠሚያ አለ፤ ጎማው ታጥፎም ቢሆን ኃይል የሚያገኘው በእሱ ነው። ቤቱ በወፍራም ግሪስ የተሞላ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያካፍለው በዲፈረንሻሉ በኩል፣ ያለው ደግሞ ቀጭን ዘይት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የአክሰሉ ቱቦ ጫፍ ላይ የተደበቀ አንድ ፓራኦሊዮ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግሪሱ ቤት ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ግሪስ በውጪው ላስቲክ በኩል መንገድ ያገኛል። የውጪው ላስቲክ የተሠራው ወፍራም ግሪስ ለመያዝና አቧራ ለመከልከል ነው። ዘይት ይይዛል ብለህ አትጠብቅ። ለዚህ ነው ላስቲኩን ቀይረህ ምንም ያልተለወጠው።

ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ከሚወርደው ትንሽ በጣትህ ወስደህ አሽተው። የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታ አለው። ከዚያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ የፊት ዲፈረንሻሉን የመሙያ ብሎን ፍታና ትንሿን ጣትህን አስገባ። ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጣትህ ደርቆ ከወጣ ዘይቱ የት እንደሄደ አወቅህ ማለት ነው። በክቡ ቤት ላይ ከላይ በኩል ያለችውን መሙያ ብሎንም ፈትተህ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ወፍራም ግሪስ ሳይሆን የሚዋልል ጥቁር ነገር ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ቀጭ ቀጩ ቢርፊልዱ ግሪሱ ታጥቦበት ደርቆ እየሠራ መሆኑን ይነግርሃል። ገና ከጀመረ ታጥቦ በአዲስ ግሪስ ሊተርፍ ይችላል። ሲፈታ ግን በውስጡ ያሉት ክብ የብረት ጥይቶች የሚሄዱበትን መስመር በደንብ እዩት፤ ብረቱ ከተበላ ወይም ከተሰነጠቀ መቀየር ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ "ለምን" እንምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጋራዥ እዚህ ላይ አይደርስም። አክሰሉ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ቆብ ያላት የአየር መተንፈሻ አለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ የሚወጣውም በእሷ በኩል ነው። በጭቃ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ያጣና በፓራኦሊዮው በኩል ገፍቶ ይወጣል፣ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። አዲስ የተገጠመ ፓራኦሊዮ ቶሎ ሲያፈስ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ይህችን ቆብ ነው። ወንዝ ስትገቡ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የጋለው አክሰል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር በአንዴ ይሰበሰባል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፣ ውሎ ሳያድር ይቀየር።

ቆቧን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብ ወጪ የለውም። በጣትህ ስትነካት መንቀሳቀስ አለባት። አንተ በምትሄድበት መንገድ ግን ቆቧን አውጥቶ በቦታዋ ረጅም የጎማ ቱቦ መግጠምና ጫፉን ሞተር ቤት ውስጥ ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ እንደዚያ ተሠርቶ ይመጣል፤ የአንተን አይተህ ቱቦው እንዳልተሰነጠቀ አረጋግጥ።

ሲጠገን ከቻልክ አጠገባቸው ቁም። ጎማ፣ ፍሬንና ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ከወረዱ በኋላ አክሰሉ ተስቦ ይወጣል። ያኔ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን የአክሰሉን ቦታ በጨርቅ ጥረግና ጥፍርህን አስኪድበት። ጥፍርህን የሚይዝ መስመር ካለ አሮጌው ፓራኦሊዮ ብረቱን በልቶታል ማለት ነው፣ አዲሱ እዚያው መስመር ላይ ካረፈ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፈሳል። መፍትሔው ፓራኦሊዮው ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንዲያርፍ አድርጎ መምታት ነው። ካልሆነም ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቦታው በስስ የብረት ቀለበት ይለበሳል። አክሰሉ ሲመለስ ደግሞ ጥርሶቹ በአዲሱ ፓራኦሊዮ ከንፈር ላይ እየተጎተቱ እንዳይገቡ አንድ ሰው ቀና አድርጎ ይያዘው። እዚህ ላይ ነው ብዙ አዲስ ፓራኦሊዮ ገና ሳይሠራ የሚቆረጠው።

ከላይና ከታች ባሉት የኩሽኔታ (ቤሪንግ) ክዳኖች ሥር ሽም የሚባሉ ስስ ቆርቆሮዎች አሉ። የላዩ ላይ፣ የታቹ ታች ይመለስ። ከተቀላቀሉ አክሰሉ መሐል ላይ አይቀመጥም፣ አዲሱም ፓራኦሊዮ ወደ አንድ ጎን እየተጫነ ይሠራል። ለቢርፊልዱ ሞሊ የሚባል ቅመም ያለበት ጥቁር ግሪስ ነው የሚገባው። የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ሌላ ነው፣ አትቀላቅሉ። መጨረሻ ላይ ዲፈረንሻሉን መሙላት እንዳይረሳ። እኔ ብሆን ቀኙንም አብሬ አሠራዋለሁ፤ እኩል ነው ያረጁት።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ፒካፓችን እህል ነው የምትጭነው። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ስታድር የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ታርሳለች። ጋራዡ "የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፣ ሞተር መውረድ አለበት" ብሎ ብዙ ብር ጠየቀን። ባለቤቴ እንሽጣት እያለ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ

እህቴ፣ ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ገና ምን እንደሚፈስ አልታወቀም። ቀጥሎ፣ የኋላ ፓራኦሊዮ ቢሆን እንኳ ሞተር መውረድ የለበትም። ካምቢዮው ከሥር ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ይፈታሉ፣ ፓራኦሊዮው እዚያው ይገኛል። የሁለቱ ሥራ ዋጋ በጣም ይራራቃል፣ ስለዚህ ጋራዡን "ለምን ሞተር?" ብላችሁ ጠይቁት።

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪና ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ አናት ላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጋስኬት ከኋላ በኩል ሲያፈስ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ልክ ካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል። የሚያየው ሰው "የኋላ ፓራኦሊዮ" ይላል። የዘይት ግፊት መለኪያዋ ወይም ፊልትሮው የሚቀመጥበት ቦታም እንዲሁ ያታልላል። ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ሲታሰር ይፈሳል፣ ይህንንም እዩ። ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት ያለው እርጥብ ቦታ ነው የሚፈለገው።

እንዲህ አድርጉ። ላቫጆ ወስዳችሁ ሞተሩን ከላይም ከሥርም አሳጥቡ። ውሃው በኃይል በዲናሞውና በናፍጣ ፖምፓው ላይ እንዳይረጭ ንገሯቸው፣ ሞተሩም ቀዝቅዞ ይሁን። ይድረቅ። ከዚያ በምትጠረጥሩት ቦታ ሁሉ፣ በቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ፣ በሞተሩ ጀርባ፣ በመጋጠሚያው ሥር፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ። ጥቂት መንገድ ሂዱባትና መብራት ይዛችሁ ተመልከቱ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ የጀመረበት ቦታ ጠቁሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌሊት ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፣ የፊት ጎማዎቹ ያሉበትን ቦታም ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ጠብታው ከጎማው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በፓውደሩ ላይ ከላይ የወረደ ነገር ካልታየና ዘይቱ ከመጋጠሚያው ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪ ብቻ ይቀራል፦ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮና የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ። እዚህ ላይ ሽታና ቀለም ይለያቸዋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። የካምቢዮ ዘይት ወደ ቡናማ ያደላል፣ ወፈር ይላል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጠብታ በነጭ ሶፍት ነክታችሁ እዩት።

አሁንም "ለምን" እንበል። ሞተሩ ካረጀ ከፒስተኑ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ጋዝ ይኖራል። ጋዙ የሚወጣው ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው በሚሄደው ቱቦ ነው። ቱቦው በዝቃጭ ከተዘጋ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፣ ዘይት ደካማ በሆነው ቦታ ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ቀዳዳው ላይ እንዲሁ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። ከዘለለ ወይም ጭስ በኃይል እየገፋ ከወጣ መጀመሪያ ቱቦውን ፈትታችሁ እጠቡ። ታጥቦም ካልቀነሰ የደከመው ፒስተንና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ያኔ ፓራኦሊዮ ላይ ብር ማፍሰስ ዋጋ የለውም። የዘይቱንም መጠን በመለኪያ ዘንጉ እዩ፤ ከላይኛው ምልክት በላይ የተሞላ ሞተርም ያፈሳል።

ካምቢዮው መውረዱ የግድ ከሆነ ሁለቱንም ፓራኦሊዮ በአንዴ ቀይሩ። የፍሪሲዮን ዲስኩን፣ ገፊ ኩሽኔታውንና ቮላኖው መሐል ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ እዩ። ለእነዚህ ተብሎ ካምቢዮ ሁለተኛ ጊዜ ባይወርድ ይሻላል። ለጂንካው ወንድማችን ያልኩት የጥፍር ነገርም እዚህ ይሠራል። ሲሊኮን ሲቀባ ደግሞ ስስ ይሁን፣ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ተቆርጦ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

የእኔ ፍርድ ግን ይህ ነው። ፍሪሲዮኑ ካልተንሸራተተ፣ የመለኪያ ዘንጉም በሁለት የዘይት ቅያሪ መሐል ብዙ ካልወረደ፣ መዳፍ የሚያህል ጠብታ የምታፈስ አሮጌ ናፍጣ መኪና ሥራዋን ትሥራ። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፣ ያኔ አብሮ ይሠራል። እስከዚያው ዘይቱን ሳምንት ሳያልፍ ማየት ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ልጄ እንደምን ሰነበትክ። መኪናዬ ሃርድቶፕ ናት፣ ገዝቼ ብዙ ዓመት ይዣታለሁ። የካምቢዮዋ ዘይት ሁልጊዜ ይጎድላል። መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። መካኒኩ እየሞላልኝ ይሄዳል። የት እየገባ ነው ይህ ዘይት?

መልስ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው፣ መልሱም እዚያው ካምቢዮው ጀርባ ላይ ተቀምጧል። ከካምቢዮው ኋላ ፎር ዊሉን የሚያስገባው ትራንስፈር ኬዝ ተጋጥሟል። ሁለቱ ዘይታቸው ለየብቻ ነው። በመሐላቸው ያለው ፓራኦሊዮ ሲያልቅ ግን የአንዱ ዘይት ወደ ሌላው ይሻገራል። በአሮጌ ላንድክሩዘር ይህ የታወቀ ችግር ነው። ወደ ውጪ የሚወጣ ነገር ስለሌለ መሬት ላይ አያዩትም።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ያቁሙና የሁለቱንም መሙያ ብሎን ያስፈቱ። ከትራንስፈሩ ዘይት እየተንዠቀዠቀ ከወጣና ካምቢዮው ጎድሎ ከተገኘ ነገሩ ይኸው ነው። መካኒኩ ካምቢዮውን ብቻ ሲሞላ ትራንስፈሩ እየተጨናነቀ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ በራሱ ፓራኦሊዮዎች ማፍሰስ ይጀምራል። ያኔ ሌላ ሰው ደግሞ "የትራንስፈር ፓራኦሊዮ" ብሎ ይቀይርልዎታል።

ዋናው ጥገና ትራንስፈሩን ፈትቶ የመሐሉን ፓራኦሊዮ መቀየር ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ትርፉን ከትራንስፈሩ አስቀንሰው ለካምቢዮው ማስሞላት ያቆይዎታል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዘይት የያዙ ከሆነ። ሳይታይ ግን ብዙ አይቆይ። ካምቢዮ ዘይት ሲያጥረው ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አምስተኛው ማርሽ ነው፤ በአምስተኛ ሲሄዱ የማያውቁት የጉርምርምታ ድምፅ ከሰሙ አይቆዩ።

አንድ ነገር ለመካኒኩ ይንገሩልኝ። ካምቢዮም ይሁን ዲፈረንሻል፣ ማፍሰሻውን ከመፍታቱ በፊት ሁልጊዜ መሙያውን ይፍታ። መሙያው ዝጎ እምቢ ቢል ዘይቱ ገና ውስጥ ነው፣ መኪናዋን ነድተው መመለስ ይችላሉ። ማፍሰሻው ቀድሞ ተፈትቶ መሙያው እምቢ ካለ ግን መኪናዋ እዚያው ትቆማለች።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ነው? የኋላ ቀኝ ጎማዬ ከውስጥ በኩል ርሷል። ፍሬኑ ትንሽ ወደ ታች ይገባል እንጂ ይይዛል። እስከ ወር መጨረሻ ብነዳው ችግር አለው?

መልስ

አለው። ዛሬ አቁማት። በሌሎቹ ፍሳሾች ላይ ጊዜ አለን፣ በዚህኛው ላይ የለንም።

እዚያ ቦታ ሁለት ነገር ሊፈስ ይችላል፦ የፍሬን ዘይት ወይም የዲፈረንሻል ዘይት። ብርጭቆ ውሃ ቅዳና ከሚፈሰው ትንሽ ጨምርበት። የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። የዲፈረንሻል ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የፍሬን ከሆነ ከበሮው ውስጥ ያለችው፣ የፍሬኑን ሸራ የምትገፋው የጎማው ፖምፓ አልቃለች። የዲፈረንሻል ከሆነ የሞዞው ፓራኦሊዮ ነው፣ የአክሰሉን መተንፈሻ አብረህ እይ። በሁለቱም መንገድ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የለም፣ ይቀየራል። የግራውንም አብረህ ቀይር፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።

ደግሞ እባክህ፣ መንገድ ላይ ዘይቱ ቢያልቅብህ እንኳ ፍሬን ዘይት ማስቀመጫው ውስጥ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት እንዳትጨምር። ላስቲኮቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፣ ከማስተር ፖምፓው ጀምሮ እስከ አራቱም ጎማ ሁሉም ይቀየራል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ በማስቀመጫው ክዳን ላይ ካለው ጋር ይዛመድ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ

እንጦጦን በየቀኑ እወጣለሁ። ራዲያተሩ ውሃ ይቀንሳል፣ ከሥር ግን ደረቅ ነው። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ነው ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ

ሊሆን ይችላል፣ ግን ከርካሹ እንጀምር። የራዲያተሩን ክዳን እይ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ክዳኑ ግፊት ይዞ ይህን ቁጥር ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ቆላ ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል፣ አንተ ጋ ግን ዳገት ላይ ውሃውን አፍልቶ ይተፋዋል። በትክክለኛው ክዳን ቀይረውና ተመልከት። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን በጭራሽ አትክፈት።

ካልሆነ፣ የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል። የሚተወው ነጭ ወይም ባለ ቀለም ቅርፊት ነው። በቱቦዎቹ ማሰሪያ፣ በራዲያተሩ ጎንና በውሃ ፖምፓው ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያ ፈልገው። ቀዳዳዋ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፣ የፖምፓው የውሃ ማገጃ ሲያልቅ እንድታሳውቅ። በሲሊኮን የሚደፍኗት አሉ፤ ያኔ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፖምፓው ጨርሶ ይሰበራል። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ምንጣፍም ዳስሰው፣ ካሎሪፌሩ (የመኪናው የውስጥ ማሞቂያ) አፍስሶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ቴስታታ የምንሄደው ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈትና አስነሳ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት አየር ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ፣ ወይም የላይኛው ቱቦ ሞተሩ ሳይሞቅ ድንጋይ ሆኖ የሚጠነክር ከሆነ፣ የፒስተን ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ውሃው ውስጥ ኩላንት ይኑርህ። ባዶ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ደግሞ ነገ የሚያፈስ ቀዳዳ ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከአሰላ

ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እንቢ ይላል። የማሞቂያውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ችግር የለበትም። የሚፈስ ነገርም አይታየኝም፣ ግን መካኒኩ "ናፍጣ ላይ አየር አለ" ይላል። ሳይፈስ እንዴት አየር ይገባል?

መልስ

መካኒክህ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ከሰልባቲዮው (የናፍጣ ታንከሩ) እስከ ናፍጣ ፖምፓው ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። በሚስብ መስመር ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ናፍጣ ወደ ውጪ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ሞተሩ ሲያድር ናፍጣው ቀስ ብሎ ወደ ሰልባቲዮው ይመለሳል፣ ጠዋት ፖምፓው ያገኘው አየር ነው።

ነገ ጠዋት ቁልፉን ከመንካትህ በፊት የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫንክ ሙላ። መጀመሪያ ባዶ ባዶ ትልሃለች፣ ከዚያ ጠንክራ እምቢ ትላለች። ካንዴላውን አሙቀህ አስነሳ። ወዲያው ከተነሳ ችግሩ ባትሪም ካንዴላም አልነበረም። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ለጊዜው ናፍጣ በሚችል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ለውጠውና ሞተሩ ሲሠራ ተመልከት፤ አረፋ ካለፈ አየሩ የሚገባው ከዚያ በፊት ባለው መስመር ላይ ነው። ከፊልትሮው ጀምረህ ወደ ሰልባቲዮው እየሄድክ የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍ አጠፍ አድርገህ እይ፣ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። የእጅ ፖምፓዋ ራሷም አሮጌ ላስቲክ ስላላት በዙሪያዋ እርጥበት ካየህ ቀይራት። የናፍጣ መመለሻ የጎማ ቱቦዎችንም አትለፋቸው። ሲያረጁ ደርቀው ይሰነጠቃሉ፣ ሁሉንም በአንዴ መቀየር ብዙ አያስወጣም። ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አሳድራትና ጠዋት አስነሳት። በእንዲህ ያለ አቆም ናፍጣው ወደ ኋላ ለመመለስ ይቀለዋል፣ ያኔም ያለ እጅ ፖምፓ ከተነሳች ቀዳዳውን አግኝተኸዋል።